ያልወደደችው ትረካ

«ቁሚ፣ ቁሚ! አሁንም ሳቅሽ።»

ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ ቀረጻውን አቆመ። የአምፖል ጥዝታ እንኳ ስለማያመልጠው ባልደረቦቹ «ጆሮ» ነው የሚሉት። ተራኪዋ ማዳመጫዋን ከጭንቅላቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

«አልሳቅኩም።»

«አፍሽ አልሳቀም፤ ድምፅሽ ግን ይስቃል። ልጁ ጅማቱ ተበጥሶ ሆስፒታል ተኝቷል እኮ! አንቺ የምታነቢው የሰርግ ወሬ ይመስላል።»

«የትኛው ጅማት? ገጽ ዘጠና ላይ ተበጠሰ። ገጽ መቶ አራት ላይ ተነስቶ ሁለት ጎል አገባ። አሁን ደግሞ እንደገና ተበጠሰ። ጅማት ነው የጫማ ክር?»

«አንቺ ሐኪም አይደለሽም፤ አንብቢ።»

አነበበች። ጆሮ አራት ጊዜ አስቆማት፤ በአምስተኛው ተሳካ።

በሬዲዮ መጽሐፍ መተረክ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ የማይገባበት ቤት የለም ይባላል። ደህናውንም የማይረባውንም አንብባለች፤ ሥራ ነውና አታማርጥም። ይሄኛው ግን ልብ አውልቅ ነው። ነገሩ የአንድ አጥቂና የአንዲት መረብ ኳስ ተጫዋች ፍቅር ነው። ሁለቱም ስፖርተኞች ሲሆኑ በመጽሐፉ ውስጥ የሚያልበው ሰው የለም። ማሊያ የሚያጥብ የለም። ጎል የሚገባው ሁልጊዜ ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ነው። ሲጣሉ ደግሞ ይዘንባል። አጥቂው ይጮህባታል፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ ከዚያ በዝናብ በስብሶ በሯ ላይ ይቆማል፤ እሷም ይቅር ትለዋለች። ተራኪዋ ዝናቡን በእርሳስ ኅዳጉ ላይ እየመዘገበች አሥራ አንድ ደርሳለች። ጃንጥላ የሚባል ነገር እዚያ አገር ገና አልተፈጠረም።

ይህን ሁሉ ችላ ትችል ነበር፤ ያንገበገባት ሃያኛው ምዕራፍ ነው። ልጅቷ ለብሔራዊ ቡድን የምትመለመልበት ሰዓትና የአጥቂው የዋንጫ ጨዋታ ተገጣጠሙ። እሷም የስፖርት ቦርሳዋን ኮሪደሩ ላይ ጥላ ስታዲየም ሄደች። እሱ ከተመልካቹ መሀል አያትና አገባ። «ድል ብቻዋን ምን ታደርጋለች፣ የሚካፈላት ከሌለ?» ትላለች ልጅቷ፤ መጽሐፉም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ተራኪዋ ይህን ቤቷ ሆና መጀመሪያ ያነበበች ቀን መጽሐፉን ከግድግዳ ጋር አላተመችው። አልጋው ሥር ገባ። በማግስቱ ልትቀርጸው ስለሆነ በመጥረጊያ እንጨት ጎትታ ለማውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀባት።

ድምፅ አውጥተው ሲያነቡት ግን ሌላ ነው። ያ ምዕራፍ ባለፈው እሁድ ተላልፎ አድማጩን አስለቀሰ።

«መልእክቱ እስከ ዛሬ አላቆመም» አላት ጆሮ፣ ገመዶቹን እየጠቀለለ። «ያቺ ትንፋሽሽ ናት የገደለቻቸው። ‹ድል ብቻዋን› ብለሽ ቆም አልሽና፣ ትንፋሽ አወጣሽና፣ ‹ምን ታደርጋለች›። እኔ ራሴ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።»

«ምን አለችህ?»

«‹ምን አጥፍተህ ነው?› አለችኝ።»

ሳቀች፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «ደራሲዋ ጋ ደውልልኝ እስቲ» አለችው። የመጨረሻው ምዕራፍ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይቀረጻል፤ እሁድ ይተላለፋል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨመርበት ምን ይጎዳል? ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት ተመልምላ ገባች የምትል፣ አንዲት ብቻ።

ደራሲዋ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ትሁት ነው። ሐሳቡን እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰማችና፣ «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለች። «እዚያ ቦታ ላይ ስጽፍ እኔም ተጠራጥሬ ነበር። እንዲያውም ልሰርዘው ነበር። እሁድ እርስዎ ሲያነቡት ግን አመንኩበት። ስለዚህ ምንም አይነካ።»

ተራኪዋ ስልኩን ለጆሮ መለሰችለት።

ቤት ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ልጇ ሶፋው ላይ ተጋድማ ረጃጅም እግሮቿን በክንዱ አሻግራ ሰቅላለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። መረብ ኳስ ስትጫወት ሰባተኛ ዓመቷ፤ ጣቶቿ ተጣመው ተቃንተዋል፣ ክረምት ከበጋ በጠዋት ተነስታለች። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ የታዳጊዎች ክለብ ምልመላ ነው። ስድሳ ልጆች ተጠርተዋል፤ አሥራ ሁለቱ ይመረጣሉ። ከዚያ በኋላ ለዕድሜዋ ሌላ ምልመላ የለም።

«ነገ ስንት ሰዓት ልቀስቅስሽ?» አለቻት እናት፣ ጫማዋን እያወለቀች።

«አልሄድም።»

«የት?»

«ምልመላው። እሱ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ግማሽ ፍጻሜ አለው።»

እሱ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን አማካይ ነው። ሁለት ጊዜ ቤት መጥቶ አንገቱን ደፍቶ በልቶ፣ ሳህኑን ራሱ አጥቦ ሄዷል። እንድትጠላው እንኳ ምክንያት አልሰጣትም።

«ነይልኝ ብሎሽ ነው?»

«ኧረ አላለኝም። እንዲያውም ምልመላ እንዳለኝ ስለሚያውቅ አይጠብቀኝም። ድንገት ቀና ሲል ሲያየኝ እኮ ነው ደስ የሚለው።» ልጅቷ ቀና ብላ ተቀመጠች። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ተሰቀለ። «ድል ብቻዋን...» አለችና ቆም አለች፤ ቀስ ብላ ተነፈሰች፤ «ምን ታደርጋለች?»

እናት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ድምፁ የልጇ ነው፤ ቆም ማለቱ የራሷ፣ ትንፋሹም የራሷ።

«ያ ትንፋሽ መጽሐፉ ላይ የለም!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ የጨመርኩት!»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የሚያምረው።»

«አንቺ ልጅ፣ ቂል መጽሐፍ ነው! ከግድግዳ ጋር ያጋጨሁት መጽሐፍ ነው! አንዲት ቃሉን አላምንበትም!»

«ካላመንሽበት ለምን እንደዚያ አድርገሽ አነበብሽው?»

ተራኪዋ ሥራዬ ስለሆነ ልትል ነበር። አናጢ ለማይወደው ሰውም አልጋውን አስተካክሎ ይሠራል ልትል ነበር፤ ለጆሮ ሁልጊዜ የምትለው እሱን ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ምላሷ ላይ ኮመጠጠባት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሁድ የወጣው ትንፋሽ ዞሮ ሶፋዋ ላይ ተጋድሞ እየጠበቃት ነው። ተናደደች። በደራሲዋ ተናደደች፣ በልጇ ተናደደች፣ ከሁሉ በላይ በዚያ ሁሉ ሰው ባሞገሰው ጉሮሮዋ ተናደደች።

«እንዲህ ከሆነ ነገ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ» አለች። «እጅሽን ይዤ። ምልመላው እስኪያልቅ እዚያው ቁጭ ብዬ አይሻለሁ።»

ስልኳን አወጣችና ጆሮ ጋ ደወለች። «ነገ አልመጣም» አለችው።

«አብደሻል? እሁድ ምን ላሰማ፣ የወፍ ጩኸት?»

«ዘፈን አጫውት።»

«ስሚኝ፣ እህቴ። አለቆቹ ‹ወጣት ድምፅ፣ ወጣት ድምፅ› እያሉ ሰበብ ሲፈልጉ እንደከረሙ ታውቂያለሽ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳትቀርጪ ከቀረሽ ሰኞ ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ነው። እኔ ላድንሽ አልችልም።»

«ይሁና! ያስቀምጡ!» ብላ ዘጋችው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያለችው የገባት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠች በኋላ ነው።

ልጅቷ እግሮቿን ከሶፋው አውርዳ እናቷን ትክ ብላ ታያታለች።

«እማዬ፣ ሥራሽን ትተሽ ልታጨበጭቢልኝ?»

«አዎ። ልጄ ነሽ።»

«መጽሐፉ ውስጥ ያለችዋም ‹ፍቅረኛዬ ነው› ነው ያለችው።»

ነገሩ ለፌዝ የተባለ አልነበረም። ለዚህ ነው የወጋት። እናት ወንበር ስባ ተቀመጠች። የጎረቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲያጓራ ይሰማል። አሥራ አራት ዓመት የሠራችውን ሥራ በአንድ የስልክ ጥሪ ጥላ፣ እንደ መጽሐፉ ልጅ ቦርሳዋን ኮሪደር ላይ ጥላ፣ ስታዲየም ልትሄድ ነበር። ዝናቡ ብቻ ነው የቀረው። አሥራ ሁለተኛው።

መልሳ ደወለች። ጆሮ ገና ሳያነሳው ጀምሮ ሲሳደብ የቆየ ይመስላል።

«ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አለችው። «አትጩህብኝ። እመጣለሁ አልኩህ።»

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። የእሁዱን ድምፅ አይደለም ያወጣችው፤ ጉንፋን የያዘው የሚመስለውን፣ ጠዋት ወተት ሲገነፍልባት የምትጮህበትን የቤት ድምፅዋን ነው።

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ። አንቺ የት እንደምትሆኚ አንቺ ታውቂያለሽ። አልቀሰቅስሽም። አልደውልልሽም። ማታም አልጠይቅሽም።»

«ተቆጣሽ?»

«በጣም። ደግሞ በአንቺ ብቻ አይደለም።»

ልጅቷ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ጠዋት ተራኪዋ ከወትሮው ቀድማ ተነሳች። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የልጇ በር አሁንም ዝግ ነው። ሻይዋን ይዛ በሩ ፊት ቆመች። ልታንኳኳ እጇን አነሳች። ቃሏን አሰበችና እጇን መለሰችው። ሻዩን ቆማ ጠጣች፤ ምላሷን አቃጠላት። የመጨረሻውን ምዕራፍ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሁለት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ። በሩ ዝግ ነው። ስድሳ ልጆች አሁን ጫማቸውን እያሰሩ ነው ብላ አሰበች። ቢሆንም ካፖርቷን ለብሳ የውጭውን በር ከፈተች።

ከውስጥ የመሳቢያ ድምፅ ተሰማ። ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሌላው ተከፈተ።

«እማዬ!» አለች ልጅቷ፣ በእንቅልፍ በጎረነነ ድምፅ። «ጥቁሩን የመጫወቻ ቁምጣዬን አይተሽዋል?»

አይታዋለች። በረንዳው ላይ ነው፣ ከፎጣው ጀርባ፣ በሁለት መቆንጠጫ ተሰቅሏል፤ ደርቋል። እግሯ ሳታዘው ወደ በረንዳው አንድ እርምጃ ሄደ። እዚያው አስቆመችው።

«ፈልጊው!» ብላ ጮኸች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘግታ ደረጃውን ወረደች።