ገበያ ሲሸበር

አያ አብዱልከሪም አርብ ገበያ ላይ ጨው ሲሸጡ ፀጉራቸው ሸበተ። በዚያ ሁሉ ዘመን ብዙ ልጅ ንግድ አስተምረዋል፤ እንደ ረጀብ ያለ ግን አልገጠማቸውም። ረጀብ አንዴ የተነገረውን አይስትም።

«ገበያ የሚያሸብረው ሌባ ነው» ብለውት ነበር። «ሰው ሲሯሯጥ አንተ ዕቃህ ላይ ቁጭ በል። የሮጠ ነጋዴ ሲመለስ ባዶ መደብ ነው የሚጠብቀው።»

አንድ አርብ ገበያው ተሸበረ። ሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ሲል ረጀብ የጨው ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። የዚያን ቀን ግን ሌባ አልነበረም፤ ወታደሮች ገበያውን ከበው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ያፍሱ ነበር። ከጆንያው ላይ አንስተው መኪና ላይ ጫኑት። በዓመቱ ከግንባር መርዶው መጣ።

ከዚያ ወዲህ አርብ በመጣ ቁጥር አያ አብዱልከሪም ያዩታል። እዚያው ጆንያ ላይ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ዱዓ አስደረጉለት፣ ሰደቃ አወጡለት፤ አልሄደም። ሰዉ «ጃጁ» እንዳይላቸው ዝም አሉ። ይፈሩታል፣ ደግሞም ይናፍቃቸዋል።

ዘንድሮ የረጀብ ታናሽ ወንድም መሐሙድ መጣና «ወንድሜን ያስተማሩትን ያስተምሩኝ» አላቸው።  እናቱ ነፊሳ የቀራት እሱ ብቻ ነው።

«እንግዲያስ ጨው ሽጥ» አሉት እንደምንም።

«ኧረ አያ፣ ጨውማ በእናንተ ዘመን ቀረ! አሁን የሚያዋጣው የላስቲክ ጫማ ነው።»

እናቱ ጊደሯን ሸጣለት ከደብረ ታቦር አንድ ጆንያ ጫማ አምጥቶ ከጎናቸው ዘረጋ። ደንበኛ አያያዙን፣ ክርክሩን፣ ሸማች መለየቱን ሁሉ አስተማሩት። ያችን አንዲት ምክር ብቻ ዋጥ አደረጓት።

አንድ አርብ ረፋዱ ላይ ከከብት ተራ «መጡ! መጡ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ገበያው ተተረማመሰ። መሐሙድ ጫማውን ጆንያው ውስጥ ጠቀጠቀና ላዩ ላይ ቁጭ አለ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው ታዩዋቸው።

«ተነስ! ሩጥ!»

«ሌባ ነው አያ። ረጀብ ነግሮኛል፤ አልነሳም።»

በከዘራቸው ጀርባውን አቀመሱት። «ሩጥ ብዬሃለሁ፣ አንተ ደረቅ!» ልጁ ደንግጦ ቁልቁል ወደ ገደሉ በረረ።

ወታደር የሚባል አልመጣም። ሌቦች ነበሩ። መሐሙድ ሲመለስ ጫማው ከነጆንያው የለም።

«ለእናቴ ምን ልበላት? አከሰሩኝ እኮ!» ብሎ አለቀሰ። ባለመደቦቹም «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያሉ በሽማግሌው ሳቁ።

አያ አብዱልከሪም አልከፋቸውም፤ ደስታ በደስታ ሆኑ እንጂ። የልጁን ትከሻ ደጋግመው ዳበሱና ያላቸውን ጨው አህያ ላይ ጫኑለት።

«ሸጠህ ጫማህን ግዛ። ገበያ በተሸበረ ቁጥር ግን ሩጥ። ዕቃ ይተካል፣ ልጄ።»

መሐሙድ አህያውን እየነዳ ሄደ። መደቡ ላይ አንድ ጆንያ ቀረች፤ ረጀብ የተቀመጠባት። ሽማግሌው ወደ እሱ ጎንበስ አሉ።

«አንተም ተነስ። ያኔ ያልኩህን ተወው፤ ሩጥ» አሉት።

ረጀብ አልተነሳም። አንዴ የተነገረውን የማይስት ልጅ ነበር።