ቀይ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

የላቦራቶሪው አይጦች ጠባቂ ቃል ይህ ነው፦ ከስምንት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ የአራተኛው ሳጥን የውሃ ጠርሙስ ደርቆ አገኙት። ሌላ የሞላ ስላልነበረ ቀይ ክር የታሰረበትን ሰቀሉላቸው። እስከ ሰኞም አልተነሳም።

የላቦራቶሪው ረዳት ቃል ደግሞ ይህ ነው፦ ቅዳሜም እሑድም ገብታለች፤ አራተኛው ሳጥን ላይ ቀይ ክር የሚባል ነገር አላየችም። መዝገቡም ላይ የለም።

ቀይ ክር ማለት ለታመሙ አይጦች የሚሰጥ፣ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት የተቀላቀለበት ውሃ ነው። አራተኛው ሳጥን ውስጥ የነበሩት ደግሞ የጨጓራ ባክቴሪያ ክትባት የተከተቡት ናቸው። ከዚያ ቅዳሜ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ባክቴሪያው በአፋቸው ተሰጥቷቸው ነበር፤ በኋላ ጨጓራቸው ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ነገ ኮሚቴው ይህን አይቶ ክትባቱ በሰው ላይ እንዲሞከር ሊፈቅድ ነው።

ተመራማሪዋ ሁለቱንም አስቀምጣ ሰማቻቸው። ባክቴሪያው ቁስል፣ ቁስሉ ካንሰር ሆኖ የገደላቸውን እናቷን የቀበረች ሰው ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች።

"ጋሼ" አለች ረዳቷ፣ "መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰክተው ግማሽ ቀን ሲፈልጉ የዋሉ ሰው ነዎት እኮ!"

"መነጽሬን ብረሳ እጄን አልረሳም፣ ልጄ። የሰቀልኩትም ያወረድኩትም እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?" አለች ተመራማሪዋ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። "ቫይታሚን መስሎኝ ነው፣ ዶክተርዬ። ትናንት ንግግርሽን ስትለማመጂ፣ 'ምንም መድኃኒት አልቀመሱም' ስትይ በበሩ ሰማሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሄጄ ጠየቅሁ፤ መድኃኒት ነው አሉኝ።"

ተመራማሪዋ ወደ ረዳቷ ዞረች። "በስንት ሰዓት ነበር የገባሽው?"

"ሁለቱንም ቀን አመሻሽ ላይ። አይጦቹ ሲነቁ።"

"በየትኛው መብራት?"

አይጦቹ እንዳይረበሹ አመሻሽ ላይ የሚበራው ቀዩ አምፖል ብቻ ነው። ተመራማሪዋ ሁለቱን ይዛ ወደ አይጦቹ ክፍል ገባች፤ ቀዩን አምፖል አበራች፤ ክር የታሰረበትን ጠርሙስ ካልታሰረበት ጎን አቆመች። ክሩ ከጠርሙሱ ነጭ አንገት ጋር ተመሳስሎ ጠፋ።

"አልዋሸሁም" አለች ረዳቷ፣ እንባዋ እየመጣ።

"ማንም አልዋሸም።"

"ግን እኮ ክትባቱ ሠርቶም ሊሆን ይችላል!"

"ሊሆን ይችላል" አለች ተመራማሪዋ። ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ደወለች፤ ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

"ነገ የማቀርበው ውጤት የለኝም። ሙከራውን ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ።"