ሬዲዮዎቹን ፈጣም ላይ ስንሞክር

የልጅ ልጄ ያይኔአበባ ሹፌር ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ አስተማሪ ትሆንልኛለች ስል መሪ ጨበጠች። አቶ ክንፈሚካኤል ሁለት ላንድክሩዘር አለው፤ አንዱን እሷ ትነዳለች፣ ሌላውን ቻላቸው የሚባል ጎረምሳ። ከሽንዲ ወዲያ፣ መንገድ ወደሌለበት ቆላ፣ የከብት ሐኪሞችን ከነክትባታቸው ያደርሳሉ።

አምና በሐምሌ ቻላቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ከቆላው ሲወጡ፣ የእሷ መኪና ሸለቆ ውስጥ ተንሸራቶ በጎኑ ተጋደመ። ስልክ እዚያ አይሠራም። ቻላቸው «ከኋላየ አለች» ብሎ እያፏጨ ሽንዲ ገባ። ልጄ ክንዷ ተሰብሮ ከቀትር እስከ ጀንበር መጥለቂያ ብቻዋን ቆየች። ከዚያ ወዲህ እሷ መንገድ ስትወጣ እህል በጉሮሮየ አይወርድም።

ዘንድሮ ሥራው ተመልሶ ሲመጣ «አትሄጅም» አልኳት።

«እሄዳለሁ እማየ። እንጀራየ ነው።»

ሦስት ቀን ተኳርፈን በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን። ሁለቱ መኪኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ይገዛ፤ እኔ አይቼ ካመንኩበት ትሂድ፣ ካላመንኩበት ትቅር። ቃሏን ሰጠችኝ። አቶ ክንፈሚካኤልም ወረቀቱን ጨርሶ ፈቃድ አወጣ፤ በዚህ ጊዜ ያለ ፈቃድ ሬዲዮ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ሌላ መዘዝ ነው።

እዚሁ ፍኖተ ሰላም ቴሌቪዥን የሚጠግነው ቴዎፍሎስ ሁለት ዓይነት አስመጥቶ ጠበቀን። አንዱ በእጅ የሚያዝ ነው፣ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ። ሌላው መኪናው ውስጥ ይታሰራል፤ ኃይሉን ከመኪናው ባትሪ ይወስዳል፣ ረጅም አንቴናው ጣሪያ ላይ ይቆማል። ቴዎፍሎስ ከእጅ ሬዲዮዎቹ አንዱን ለእኔ አስይዞ፣ ሌላውን ይዞ አስፋልቱን ተሻገረ።

«ሀሎ እማማ፣ ይሰማሉ?»

ድምፁ ጥርት ብሎ ገባ። ቻላቸው አጨበጨበ።

«ዐሥር ኪሎ ሜትር ይሄዳል» አለ ቴዎፍሎስ ተመልሶ።

«እስከ ማዶማ እኔም በጉሮሮየ እደርሳለሁ» አልኩት። «ገደል ውስጥስ?»

«ገደል ውስጥ... እንግዲህ እንደ ገደሉ ነው።»

«እንደ ገደሉ ከሆነ ገደሉን እንጠይቀዋ።»

ቻላቸው ሳቀ። «እትየ ወለተ ጊዮርጊስ ሳይፈትኑ ምራትም አይቀበሉ።»

«ምራቴን ፈትኛለሁ። አንተን ማን እንደፈተነህ ነው የማላውቀው።»

ሳቁን ዋጠ። ያይኔአበባ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ቴዎፍሎስ ደግ ሰው ነው፣ ሁለቱንም ዓይነት ለሙከራ አዋሰን፤ የሚታሰረውን እሱ ራሱ በሁለቱም መኪኖች ላይ ገጠመው። የት እንሞክረው ሲሉ «ፈጣም» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ከቡሬ ወዲያ ያለ ወንዝ ነው፤ እኔ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደዚያ አቅጣጫ ፊቴን አላዞርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ሸለቆው ጫፍ ላይ ቆምን። ነሐሴ ማለቂያው ነው፣ ወንዙ ደፍርሶ ይጮኻል። እኔ ቻላቸው መኪና ውስጥ ሆኜ ከላይ ቀረሁ፣ ልጄ ብቻዋን ወረደች። የእጁ ሬዲዮ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ተቆራረጠ፤ ሁለተኛው ላይ እንደሚጠበስ ነገር «ሽሽሽ» ብቻ ሆነ። ወደሚታሰረው ተዛወሩ።

«ወንዙ ዳር ደርሻለሁ። እማየ፣ ይሰማዎታል?»

አጠገቤ የተቀመጠች ነው የምትመስል። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

«ይኸው ተገኘ!» ብሎ ቻላቸው ሞተሩን አስነሣ። «አሁን ደግሞ ርቀቱን እንይለት።» ወደፊት ነዳ። ጫፉን ለቀን፣ ጉብታውን ዞረን ሄድን። ከጉብታው ጀርባ ሬዲዮው ዝም አለ።

«ተመለስ» አልኩት።

«ይቆዩ እንጂ እትየ፣ ገና ነው።»

«ተመለስ ብየሃለሁ!»

ጫፉ ላይ ስንደርስ ድምጿ ተመልሶ መጣ። «ቻላቸው! ቻላቸው! የት ሄድክ? ኧረ መልስልኝ!» ስትጠራ የቆየች ናት። እሱም አቤት አላት።

ወጥታ ስትደርስ ነገሩ ለሁላችንም ገብቶን ነበር። ሬዲዮው እንደ ዓይን ነው፤ ተራራ አይበሳም። የፊተኛው ጫፍ ላይ ከቆመላት ትሰማለች፣ ጫፉን ካለፈ ያው የአምናው ነው።

«እንግዲያ ትቆምላታለህ» አልኩት።

ቻላቸው አንገቱን አከከ። «እትየ፣ ሐኪሞቹ ይጣደፋሉ። ክትባቱ በበረዶ ነው፣ ይበላሻል። በየሸለቆው አንድ አንድ ሰዓት ብቆም መቼ ልንገባ ነው? እሷ እንደሁ ከእኔ ይልቅ መንዳት ታውቃለች።»

ክፋት የለውም። ወጣት ነው፣ የሆነበት ነገር የለም። ያን ጊዜ ነው እኔ የተናገርኩት። ለነፍስ አባቴ ካልሆነ ለማንም ያልነገርኩትን።

«ባሌ ወንዙ ማዶ እርሻ ነበረው» አልኩ። «ክረምት ክረምት ከእርሻ ሲመለስ እኔ እዚህ ጫፍ ላይ እቆምለታለሁ። ከላይ ሆኖ ደራሽ ውኃ ሲመጣ ይታያል፤ ታች ያለ ሰው አያየውም። 'ልግባ?' ብሎ ይጣራል፣ እኔ 'ግባ' ወይም 'ቆይ' እለዋለሁ። አንድ ቀን ዝናብ ያዘኝ። ያንች እናት ጀርባየ ላይ ነበረች፣ ገና ሦስት ወሯ፣ ታለቅሳለች። እንዲህ እየዘነበ ዛሬስ አይሻገርም ብየ ወደ ቤቴ ገባሁ።»

ያይኔአበባ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«ጠርቷል። ማዶ ያሉ ሰዎች ሰምተውታል። ሲጠራ፣ ሲጠራ ቆይቶ፣ ሊመሽበት ሆነና ገባ።»

«ጎርፍ ወሰደው አይደል ያሉኝ?» አለች።

«ጎርፍ ነው የወሰደው።»

«ብቻውን ነበር አሉኝ።»

«አዎ ልጄ። ብቻውን ነበር።»

ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ቻላቸው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ሲያዟዙር ቆየና «እጠብቃታለሁ፣ እትየ» አለ፤ ሊምልም አፉን ከፈተ።

«አትማል። አሁን ቁምና ልይህ።»

እሷ መኪናዋ ውስጥ ገብታ እንደገና ወረደች። ያ ሁሉ ሲያወራ የኖረ ልጅ በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ፣ መነጋገሪያውን አፉ ዘንድ እንደያዘ አርባ ደቂቃ ቆመ። በየመታጠፊያው ስትጠራው መለሰላት። የመኪናዋ አፍንጫ ከጫፉ ብቅ እስኪል አልተቀመጠም።

የሚታሰረው ይገዛ አልኩ። ለእሷም «ሂጅ» አልኳት። እሺ እንኳ አላለችኝም።

መስከረም ላይ ሄዱ። እኔ ስድስት ቀን ስልኩን ከእጄ ሳላወርድ፣ ባትሪው እንዳያልቅ ደግሞ ላናግርበትም እየፈራሁ ሰነበትኩ። በሰባተኛው ቀን ከሽንዲ ደወሉ፤ ቻላቸው ነው።

«ሁለታችንም ወጥተናል፣ እትየ። ጭቃ ይዟት ነበር። ሁለት ሰዓት ጫፉ ላይ ቆምኩ፤ ሐኪሞቹ ጮኹብኝ፣ 'ከፈለጋችሁ በእግራችሁ ሂዱ' አልኳቸው። አልወጣ ሲላት ተመልሸ ጎተትኳት።»

«ተባረክ። እስኪ አቅርብልኝ።»

«እ... ጎማ እያየች ነው፣ እትየ።»

ውሸት አይችልበትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤት ገባች። ጭቃዋን ታጥባ አጠገቤ ተቀመጠች። «አያቴ ስንት ጊዜ ጠራ አሉዎት?» አለችኝ።

«ብዙ ጊዜ አሉኝ። ቁጥሩን አልጠየቅኳቸውም።»

«ለምን?»

«ፈራኋ።»

መሬት መሬቱን እያየች፣ «እኔ ሰባት ጊዜ ጠራሁ» አለች። «ሰባቱንም አቤት አለኝ። የኋለኞቹን የምነግረው ነገር ኖሮኝ አልነበረም። አለ የለም ብየ ነው።»

ራት አቀረብኩላት፣ በላች። ይቅር ብላኝ ይሆን አይሆን እኔ አላውቅም፣ ልጠይቃትም አልደፈርኩም። ሌላ ጥያቄ ነው የወጣኝ።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«ኅዳር።»

«ቻላቸው ነው ከፊት?»

«እሱ ነው» አለች፤ ሳህኗን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።