ከአልጋው እስከ ሞተሩ

"አይገባም አልኩ አይገባም!"

ልጅቱ የግቢውን በር በሁለት እጇ ያዘች። ከበሩ ውጭ ታላቅ ወንድሟ አንድ ቢጫ ጄኔሬተር ከጭነት መኪናው አውርዶ፣ ከወዛደር ጋር ግራና ቀኝ ይዞት ቆሟል። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ዕቃ ተሸክሞ በር ላይ መከራከር ለማንም አይመከርም፤ እሱ ግን ሙግት የሚመርጠው ሁልጊዜ እጁ ባዶ ባልሆነበት ሰዓት ነው።

"ቢያንስ አስቀምጬው ልሰደብ" አለ።

"ሳታማክረኝ ማን ግዛ አለህ?"

"ገና አልገዛሁትም። ነጋዴው ወዳጄ ነው። ሞክረውና ካልተስማማህ ዛሬውኑ መልሰው ብሎኛል። ደግሞ አባዬን አማክሬዋለሁ። የሚገዛው ለእሱ አይደለም እንዴ?"

ከቤት ውስጥ ሳል ተሰማ፤ ከሳሉ ቀጥሎ ቃል መጣ።

"ይግባ!"

ልጅቱ በሩን ለቀቀች። የአባቷን ድምፅ ሰምታ በር ዘግታ አታውቅም፤ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አባትየው ሳምባቸው ከደከመ ወዲህ ቀንም ሌሊትም የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑ ከአልጋቸው አጠገብ ቆሞ ሲያጉረመርም ይውላል፤ ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ያበቃል። ሐኪሙ ያለ እሱ ለረዘመ ጊዜ እንዳይቆዩ አስጠንቅቋል። በዚያን ሳምንት ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል መብራት ጠፋ። ልጅቱ በማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ናት። የመቁረጫው ምላጭ ጣትን ከወረቀት ስለማይለይ ስልክ ይዞ ማሽኑ ጋ መቆም ክልክል ነው። አባቷ ዘጠኝ ጊዜ ደወሉላት። ስልኩ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ዘጠኝ ጊዜ ጮኸ። ለምሳ ወጥታ ባየችው ጊዜ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ በረረች። አባቷን ያገኘቻቸው ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነው። የመጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር መፍቻ በእጃቸው ይዘዋል፤ ለማዞር ግን አቅም አጥተዋል።

ያን ቀን ተረፉ። ልጅቱ ግን ከዚያ ወዲህ ምላጩ በወረደ ቁጥር ስልክ የሚጮህ ይመስላታል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቀን እንደማይመጣ ለራሷ ማለች። እሷ ያጠራቀመችውና ወንድሟ የሚጨምርበት ተደምሮ ወይ ጄኔሬተር ወይ ባትሪ ይገዛል፤ ሁለቱንም አይገዛም። እሷ ጠይቃ፣ አጣርታ፣ ባትሪ ብላ ቆረጠች። የምትገጥመው ባለሙያም ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱን አይታ ልትጀምር ቀጠሮ ይዛለች።

ችግሩ አባትየው ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ጄኔሬተር ሲያስነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሐኪሞቹ ስማቸውን ትተው "ጋሽ ሞተር" ይሏቸው ነበር። መብራት በጠፋ በአሥራ አንድ ሰከንድ ቀዶ ሕክምና ክፍሉን ያበሩ ነበር። ይህን ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማም የለም።

"ባትሪ ማለት" አሉ አባትየው፣ ልጃቸው ወደ መኝታ ክፍሉ ስትገባ ጠብቀው፣ "እስኪከዳሽ ድረስ ደህና ነኝ የሚልሽ ነገር ነው። ሞተር ግን ሲታመም ይነግርሻል። ያስላል፤ ያጨሳል።"

"እንዳንተ።"

"አዎ፣ እንደ እኔ! ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

"በዚያ ማክሰኞም ደህና ነኝ ብለኸኝ ነበር ከቤት የወጣሁት።"

አባትየው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እዚያ ደግሞ ልጃቸው ጄኔሬተሩን ከመስኮቱ ሥር ሲያሳርፍ አዩ።

"አንተ! እዚያ አይደለም! በጭሱ ልትፈጀኝ ነው? የሞተር ጭስ በመስኮት ገብቶ የተኛ ሰው እንደሚጨርስ አታውቅም? ራቅ አድርገው! ከቤቱ ጀርባ፣ ውሃ ታንከሩ አጠገብ!"

ልክ ነበሩ። በሞተር ጉዳይ ተሳስተው አያውቁም። ወንድምየው እያጉረመረመ ሸክሙን እንደገና አነሳ፤ ወዛደሩም ለሁለተኛው ጉዞ ጭማሪ እንደሚጠይቅ በፊቱ አስታወቀ።

"እሺ" አለች ልጅቱ። "እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ወንድሜ ከመኪናው ጋር መንገድ ላይ ነው። መብራት ጠፋ። ማን ያስነሳዋል?"

"እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊሆን ነው?" አባትየው ብርድ ልብሱን ገፈፉ። "ወሬ ምን ያደርጋል? ነይ፣ ቆጣሪውን አጥፊው። መብራት ጠፍቷል። እናንተም የላችሁም። ማንም እንዳይነካኝ።"

ልታስቀራቸው ትችል ነበር። አባቷን ግን ታውቃለች፤ ዛሬ በቃል ቢረቱ ነገ ጠዋት ክርክሩን እንደ አዲስ ይጀምሩታል።

"ሲሊንደሩን ይዤ ከኋላህ እሄዳለሁ። በቃኝ ስትል ይበቃል።"

"በቃኝ አልልም።"

"እንግዲያው እኔ እልልሃለሁ።"

ቆጣሪውን አጠፋች። የኦክስጅን ማሽኑ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰምቶ ቆመ፤ ቤቱም ጭር አለ። አባትየው ቱቦውን ከአፍንጫቸው አውጥተው ትራሱ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡና ተነሡ። እስከ ኮሪደሩ ድረስ ቀጥ ብለው ሄዱ። የጓሮው በር ጋ ሲደርሱ መቃኑን ያዙ። ሦስቱን ደረጃ አንድ በአንድ፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወረዱ። ልጅቱ ሳታስበው እርምጃቸውን ትቆጥር ነበር። ውሃ ታንከሩ አጠገብ ሲደርሱ ሃያ ስድስት ሆነ።

እጃቸው ሥራውን አልረሳም። የነዳጁን መክፈቻ አዞሩ፣ አየር መዝጊያውን ሳቡ፣ የማስነሻውን ገመድ ያዙ። አንዴ ሳቡት። ሞተሩ አልመለሰም። ሁለተኛ ሳቡት፤ አጉረመረመና ዝም አለ። ለሦስተኛው ገመዱን ጨብጠው ቆሙ። ትከሻቸው ይነሣል ይወርዳል፤ እጃቸው ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ወንድምየው ሊጠጋ ሲል ልጅቱ በዓይኗ ከለከለችው። አባትየው ቀስ ብለው ጄኔሬተሩ ላይ ተቀመጡ።

"በቃ" አለች ልጅቱ፤ የሲሊንደሩን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ አደረገች። ልክ መሆኗን ሁሉም አይቷል፤ እሷ ግን በዚያች ደቂቃ አባቷ ገመዱን ስበው ሞተሩን ቢያስነሱትና እሷ ብትሸነፍ በወደደች።

የአባትየው ከንፈር ቀስ በቀስ ቀላ። ልጅቱ ደግፋ አስነሥታ ወደ ደረጃው ስትመልሳቸው ወንድምየው እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፋውና ገመዱን አንዴ ሳበው። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ግቢው በጩኸት ተሞላ። ወዲያው ባልነካሁት አለ፤ ተጣድፎ አጠፋው።

"ሞተሩ ምንም የለበትም" አሉ አባትየው ሳይዞሩ። "ደህና ዕቃ ነው።"

አልጋቸው ላይ ከተመለሱና ማሽኑ ማጉረምረም ከጀመረ በኋላ ወንድምየው በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አባዬ፣ በቁልፍ የሚነሣም አለ። ከፈለግህ በራሱ የሚነሣም አለ። ልለውጠው?"

"በቁልፍ የሚነሣው በምን የሚነሣ ይመስልሃል? በባትሪ ነው።" አባትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚናገሩት። "ባትሪው ቢደክም፣ ነዳጁ ቢያልቅ፣ ተነሥቶ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። እኛ ሆስፒታል አምስት ሰው ነበርን።" ከዚያ ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። "የባትሪዋ ባለሙያ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው ያልሽኝ?"

"ዘጠኝ ሰዓት።"

"የምጠይቃት ነገር አለኝ።"

ባለሙያዋ መሣሪያዋን በትከሻዋ አንግታ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ በሰዓቷ መጣች። ከአባትየው የጠበቃት ፈተና ነበር። የሽቦው ውፍረት ስንት ነው? ሙቀቱ እንዴት ነው? ማን አስተማረሽ? አንድ በአንድ መለሰች፤ የማታውቀውንም አላውቀውም አለች። ይሄኛው መልስ ሳይሆን አይቀርም ከሁሉ የወደዱት።

"መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪው ለመቀየር ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?"

"ሰከንድ አይሞላም፣ አባባ። ማሽኑ መብራት መጥፋቱን አያውቅም።"

አባትየው ትክ ብለው አዩዋት። ልጅቱ የአባቷን ፊት ማየት ከበዳትና መጋረጃውን ማስተካከል ጀመረች።

"እኔ እኮ" አሉ በመጨረሻ፣ "በአሥራ አንድ ሰከንድ ስንቀባረር ኖሬያለሁ።"

"አሥራ አንድ ሰከንድ? በእጅ?" አለች ባለሙያዋ። "ሰው መሆንዎን እጠራጠራለሁ።"

ሽማግሌው ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ሁሉም ጠበቀ።

"ባትሪው ሲያልቅስ?"

"ማሽኑ ብቻውን ከተያያዘ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ሲቀረው መጮህ ይጀምራል።"

"ሁለት ሰዓት" አለች ልጅቱ። "አባዬ፣ እኔ ከሥራ ቤት ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ነው የሚበቃኝ። ማታ ደግሞ አጠገብህ ነኝ። ማተሚያ ቤት የቢሮውን ስልክ ሰጥተውኛል፤ ደውልና ያስጠሩኛል።"

ወንድምየው "ቴሌቪዥኑንስ አብሮ ማያያዝ አይቻልም?" አለ። "ኳስ ባለበት ቀን መብራት ቢጠፋ..."

"አንድ ማሽን" አለች ልጅቱ። "አንድ ሶኬት። ሌላ ምንም አይሰካበትም፤ የስልክህ ቻርጀር እንኳ።"

"ጨካኝ" አለ ወንድምየው፤ የመኪናውን ቁልፍ ግን ከኪሱ አወጣ። ጄኔሬተሩን ከመሸ የሚቀበለው የለም።

"ቆይ" አሉ አባትየው። "ራሱ ዕቃው ቢበላሽስ? መብራት እያለ ባትሪሽ ቢሞትብኝ?"

"ለዚያ የእጅ መቀየሪያ አለው። አንዴ ዞር ሲያደርጉት ማሽኑ በቀጥታ ከቆጣሪው ይወስዳል።" ባለሙያዋ በሩ አጠገብ ሄዳ፣ በራሷ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ እጇን አሳረፈች። "እዚህ ጋ እንገጥመዋለን። ሁልጊዜም በዚህ ቁመት ነው፤ ቆሞ ለሚያየው ሰው ይመቻል።"

ልጅቱ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ባለሙያዋ እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች።

"እርሳሱን እስቲ ስጪኝ" አሉ አባትየው።

ሰጠቻቸው። እሳቸው ትራሱ ላይ ወደ ኋላ ተንጋለሉ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረታቸው ሳቡ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ክንዳቸውን በጎን በኩል ዘረጉ። እጃቸው ከፍራሹ ብዙም ከፍ ሳይል ግድግዳውን አገኘ። እዚያው ላይ አንድ አጭር መስመር አሰመሩ።

"እዚህ ጋ ብሺው" አሉ።