እትዬ ኡፍ ዕረፍት ተሰጣቸው

የሸራ ጀልባ ክበቡ ልጆች ይህን ቅጽል ስም ያወጡላቸው በክፋት አይደለም። ሴትዮዋ ራሳቸው አፋቸውን የሚከፍቱት በ«ኡፍ!» ነው። የክበቡን በር ሲገፉ ኡፍ፣ መነጽራቸውን ሲያደርጉ ኡፍ፣ የተቀደደ ሸራ ጠረጴዛቸው ላይ ዱብ ሲል ደግሞ ረጅሙ ኡፍ። «ኧረ እናንተ ልጆች ጨረሳችሁኝ! ዓይኔ እኮ ጠፋ! ለመሆኑ ይሄን ነፋስ ነው የቀደደው ወይስ ጅብ አኝኮት ነው?» ይላሉ። ባለ ጀልባው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ሲመለስ ሸራው ተጥፎ፣ ጠርዙ በድርብ ስፌት ጠንክሮ፣ እንደ አልጋ ልብስ ታጥፎ ይጠብቀዋል። የምላስ ነገር ሆኖ ነው እንጂ እጃቸው ሰው አስቀይሞ አያውቅም።

ዕድሜያቸውን ሙሉ መጋረጃና የትራስ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞቱ፣ አንዲት ልጃቸውም አግብታ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄደች፤ እሳቸውም ሱቃቸውን ዘጉ። አንድ ቀን አየር ልቀበል ብለው ሐይቁ ዳር ሲንሸራሸሩ አንድ ጎረምሳ የተቀደደ ሸራውን በፕላስተር ሲለጥፍ አዩ። ማለፍ አቃታቸው። «አምጣው ወዲህ! ቁስል ነው እንዴ በፕላስተር የምታሽገው?» አሉት። በዚያው ቀሩ። የክበቡ ሰዎች ከጀልባ መጋዘኑ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለቀቁላቸው፤ እሳቸውም ከሱቃቸው የስፌት ማሽናቸውን አስመጡ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜያቸው የክበቡ ነው። የሚከፍላቸው የለም፤ የጠየቁትም የለም።

ክበቡ በዓመት አንድ ቀን በጎ ፈቃደኞቹን ያመሰግናል። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ የዚያን ቀን በጎ ፈቃደኛ የተባለ ሁሉ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ሥራውን የሚሠሩት ሌላ ጊዜ መጥተው፣ በጀልባቸው ተንሸራሽረው፣ ሻያቸውን ጠጥተው የሚሄዱት አባላት ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ደንቡን ያላወቀ ሰው ቢያይ በጎ ፈቃደኞቹ እየተቀጡ ነው ይል ነበር። የነፍስ አድኗን ሞተር ጀልባ የሚነዱት ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር፣ አንድ ጠበቃ ሞተሯን ሲያንገጫግጫት እየሰሙ ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጣሉ። «ቀስ በል! ቀስ! ወይኔ ልጄን ገደላት!» ሻይ የምታፈላው ሴት ደግሞ የቀረበላትን ቀምሳ፣ «ይሄ ሻይ ነው ወይስ የእግር ውሃ?» ብላ ብርጭቆውን ከወንበሯ ሥር ሸሸገችው።

እትዬ ኡፍ ፊት ረድፍ ላይ ናቸው። ደህና ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ፀሐዩ በዛ፣ ወንበሩ ቆረቆረኝ ይላሉ፤ በሆዳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል።

የክበቡ ሊቀ መንበር የጥርስ ሐኪም ነው። ለስላሳ ሰው ነው፤ ንግግር ሲያደርግ እንኳ «አይዟችሁ፣ አያምም» የሚል ይመስላል። ሾፌሩን አመሰገነ፣ ባለ ሻይዋን አመሰገነ፣ ከዚያ ወደ እትዬ ኡፍ ዞረ።

«እትዬ ዓይናቸውን ሰጥተውናል» አለ። «ከእንግዲህ ግን ይበቃዎታል። ዘንድሮ ተባብረን ለሁሉም ጀልባ አዲስ ሸራ ገዝተናል። ይረፉልን!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ሁለት ሰዎች ትራስ ያለው ሰፊ ወንበር እያለከለኩ ተሸክመው መጡና ፊታቸው አስቀመጡት። መደገፊያው ላይ «የእትዬ ማረፊያ» የሚል ተጠልፎበታል። ክሩ የላላ መሆኑን እትዬ ኡፍ ከሩቁ አዩት። ሐይቁ ላይ ደግሞ አዲሶቹ ነጫጭ ሸራዎች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። እጥፋት እንጂ እራፊ የሚባል የለባቸውም። እትዬ ኡፍ አፋቸውን ከፈቱ። ኡፍ አልወጣም።

«መጣሁ» ብለው ተነሡና ወደ ክፍላቸው ሄዱ። መደርደሪያው ባዶ ነው። አሮጌዎቹን ሸራዎች ለሱቆች የፀሐይ መከላከያ የሚሰፋ ነጋዴ ገዝቶ ወስዷቸዋል። የስፌት ማሽኑ ንጹሕ ጨርቅ ለብሷል። እትዬ ኡፍ ሬሳ የተሸፈነ መሰላቸውና ጨርቁን ገፈፉት።

ሾፌሩ ተከትለዋቸው ኖሮ በሩ ላይ ቆሙ። «ምነው አንቺ ሴት? ሰው ሲሸለም ይስቃል እንጂ እንዲህ ይገረጣል?»

«አባረሩኝ» አሉ እትዬ ኡፍ።

«ወንበር ሰጥቶ የሚያባርር የት አየሽ?»

«ይኸው እዚህ አየሁ! ቅዳሜ መጥቼ ምን ልሠራ ነው? ተጎልቼ ውሃ ላይ ላፈጥ ነው?»

«ታዲያ ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? ስጦታ ተቀብዬ ላማርር?»

«ኧረ ወዲያ! ማማረር ዛሬ ነው ያሳፈረሽ?» ብለው ሾፌሩ ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ስሚ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ይሄን በሆድሽ ይዘሽ ቤትሽ ከገባሽ ትታመሚያለሽ።»

እትዬ ኡፍ ቅዳሜ የሌለበትን ሳምንት አሰቡት። ሰኞ እንደ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ እንደ እሑድ። አንድ ሰው ያን ሁሉ ቀን ምን ብሎ ይገፋዋል? ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተመለሱ። ሐኪሙ አዲሱ ወንበር አጠገብ ቆሞ እየጠበቃቸው ነበር።

«ወንበሩ አልተመቸዎትም እንዴ?»

«አንተ ልጅ፣ ደከመኝ ብሎ የነገረህ ማነው?»

ሐኪሙ ግራ ገባው። «እርስዎ ነዎታ!» አለ። «ጨረሳችሁኝ፣ ዓይኔ ጠፋ፣ መቼ ነው ከእናንተ የምገላገለው፣ ሲሉ አልነበረም? እኔ እኮ እሱን እየሰማሁ እንቅልፍ አጣሁ። እናታችንን በግፍ እያሠራናት ነው ብዬ፣ አባላቱን በየቤታቸው ዞሬ የለመንኩት ለዚሁ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው። እትዬ ኡፍ ሊቆጡት ፈለጉ፤ ግን በምን ይቆጡት? ሰውየው ያሉትን አመነ፣ ሌላ ምን አደረገ? ባላቸው አንድም ቀን አምነዋቸው አያውቁም ነበር። እሳቸው ኡፍ ሲሉ ባላቸው ይስቁና ሻይ ያመጡላቸው ነበር።

«ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። «ነገሩ የአፍ ልማድ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ ስነጫነጭበት ይስቅ ነበር። አሁን ቤቴ ውስጥ የምነጫነጭበት ሰው የለኝም። እዚህ የምመጣው ለእናንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለራሴ ብዬ ነው። ደስ ስለሚለኝ ነው። ቅዳሜዬን አትውሰዱብኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ ሰው አልነበረም። እሳቸውም ራሳቸው አልሰሙም ነበር። አፍረው መሐረባቸውን ፍለጋ ቦርሳቸውን መበርበር ጀመሩ። ሐኪሙ ደህናውን ጥርስ ነቅሎ በሽተኛው ፊት የቆመ ሰው መሰለ።

«ሸራዎቹ እኮ ተሸጡ» አለ በቀስታ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ እትዬ ኡፍ። ቦርሳቸውን ያዙ፣ ወንበሩን ትተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሳምንቱን እንዴት እንደገፉት እሳቸውና ግድግዳው ያውቃሉ። ቅዳሜ ጠዋት አልሄድም አሉ። ቤቱን ጠረጉ፤ የተጠረገውን ደግመው ጠረጉ። በመጨረሻ፣ «ለነገሩ ሰው የሰጠውን ወንበር ጥሎ መቅረት ነውር ነው፤ ልየውና ልመለስ» ብለው ራሳቸውን አታለሉና ወጡ።

የክፍላቸውን በር ሲገፉት እምቢ አለ። በትከሻቸው ደገሙት። ከበሩ ጀርባ የተከመረ ነገር ኖሮ ተንዶ እግራቸው ሥር ወደቀ። ቀበቷቸው የተበጠሰ የነፍስ አድን ጃኬቶች፣ ጆሮው የተገነጠለ የገበያ ቦርሳ፣ የተቀደደ የጀልባ መሸፈኛ፣ የሕፃን አልጋ ፍራሽ ልብስ፣ ይባስ ብሎም የጠበቃው ሱሪ! አባላቱ በየቤታቸው ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ለቃቅመው አምጥተውታል። ያ ሰፊ ወንበር የስፌት ማሽኑ ፊት ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከአዲሶቹ ሸራዎች አንዱ ተዘርግቷል፤ መሐሉ ተቀዷል።

«ኡኡኡፍ!» አሉ እትዬ። ወደብ ላይ ሞተር ያሞቁ የነበሩት ሾፌር ሰምተው ብቻቸውን ሳቁ።

ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይሄን ደግሞ ምን ነካው?» አሉት።

«ነፋስ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

እትዬ ኡፍ መነጽራቸውን አደረጉና ቅዱን በጣታቸው ተከተሉት። ቀጥ ያለ ነው፤ አንድ ክር እንኳ አልተተረተረም።

«መቀስ የያዘው ነፋስ የቱ ነው?»

የሐኪሙ ጆሮ ቀላ።

«አዲስ ሸራ! ጤናም የለህ አንተ ልጅ? ይሄን የሚያህል ክምር ቆልላችሁ፣ ደግሞ በላዩ ይሄን! ኧረ ጨረሳችሁኝ! ዓይኔ እኮ ጠፋ! መቼ ነው ከእናንተ የምገላገለው?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ትራሱን አንድ ጊዜ በጡጫ መትተው አስተካከሉት፤ ከዚያ መርፌያቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ክር አስገቡ።

ሐኪሙ በዚህኛው ጊዜ አላመናቸውም። ሳቀና ሻይ ሊያመጣላቸው ሄደ።