አርባኛው ሣጥን

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ወንፊት ይላታል። ቅጽል ስሙን ትወደዋለች፣ ሲጠሯት ኮራ ትላለች። እውነቱን ለመናገር ስሙ አይገባትም ነበር፤ ወንፊት እንኳ የላመውን ያሳልፋል።

ሥራዋ የኢንተርኔት አድራሻ የሚጠይቁ ድርጅቶችን ማመልከቻ መመርመር ነው። ኢንተርኔት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ቁጥር ከሌለው የሚልከውም የሚደርሰውም ነገር የለም። አሮጌዎቹ ቁጥሮች የወጡ ጊዜ አያልቁም ተብሎ ነበር። ቀድመው የደረሱት በአካፋ ዛቁ፤ ሚሊዮን የጠየቀ ሚሊዮን ተሰጠው፣ ምን ልታደርግበት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አዲሶቹ ረጃጅም ቁጥሮች ዛሬ ሞልተው ተርፈዋል፤ ግን ስንቱ መሣሪያ ገና አያውቃቸውም፣ ስለዚህ ሁሉም የሚሻማው በአሮጌው ነው። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ እጅ ላይ የቀረው አንድ ጥቅል ብቻ ነበር፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቁጥር። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

ወረፋው ላይ አንደኛ የነበረው ማመልከቻ የታላቅ ወንድሟ ነበር።

ወንድሟ እናታቸው በምትኖርበት ሰፈር ለሰው ኢንተርኔት ያስገባል። ድርጅት ይባል እንጂ እሱ፣ አንድ መሰላልና ሦስት መቶ ደንበኛ ነው። ሦስት መቶውም የሚጠቀሙት እሱ ከአንድ ትልቅ ድርጅት በተዋሳት አንዲት ቁጥር ነው። አንዱ ደንበኛ ሲባልግ ቁጥሯ ትታገዳለች፣ ያን ቀን የሰፈሩ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ውጤትም አይሄድም፣ ትምህርት ቤቱም ይቆማል። ትልቁ ድርጅት ደግሞ በወሩ መጨረሻ ቁጥሬን መልስ ብሎታል። ጥቅሉን ካገኘ ይቀጥላል፤ ካጣ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ማመልከቻው ላይ ጽፎታል፣ እሷም ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች።

ኃላፊው ስሙን አይቶ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ።

"ይሄ የወንድምሽ አይደለም እንዴ? በይ ለእኔ ተይው፣ እኔ አየዋለሁ።"

ኃላፊው ሆደ ቡቡ ነው። ጎደሎ ነገር ሲያገኝ ስልክ ደውሎ ይጠይቃል፣ አስተካክሎ ያሳልፋል። ወንፊት ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ የፈራችውም ይህንኑ ነበር።

"ከፈቀዱልኝ እኔው ልጨርሰው፣" አለች፣ ክፍሉ በሙሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ነገ ወንፊት ለወንድሟ ሲሆን ቀዳዳዋ ሰፋ እንዲሉኝ አልፈልግም።"

"ማን ምን አለሽ?"

"ባይሉም ያስባሉ።"

"እንዳልሽ እንግዲህ፣" ብሎ ፈቀደላትና ተመለሰ።

ቅጹ አርባ ራውተር ይላል፤ ኢንተርኔት ለየቤቱ የሚያከፋፍል ሣጥን ነው። ደረሰኙም አርባ ይላል። መለያ ቁጥራቸው እየታየ ፎቶ የተነሱት ግን ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። ደግማ ቆጠረች። ሠልሳ ቆጠረች። ምን ይደበቃል፣ ደስ አላት። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ለማንም እንደማታዳላ የምታሳይበት እንደዚህ ያለ አጋጣሚ አግኝታ አታውቅም።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ማብራሪያ የተጠየቀበት ማመልከቻ ቦታውን ይለቃል፣ መልስ ሲሰጥም ከወረፋው ጭራ ይሰለፋል። ከስድስት ዓመት በፊት ያረቀቀችው ራሷ ናት፤ ያኔ ተጨብጭቦላታል። ከወንድሟ ኋላ አሥራ አንድ ማመልከቻ አለ፤ ጥቅሉ አንድ ነው። ስልኩ እጇ ሥር ነበር። "ወንድም ጋሼ፣ አንዷ ፎቶ የት ሄደች?" ብላ ብትጠይቀው አለቀ፤ ይህን ደንቡም አይከለክልም።

እሷ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ክቡር አመልካች፣ አርባኛው መሣሪያ ያልታየበትን ምክንያት ያብራሩ።"

ክቡር አመልካች! አዝሎ ያሳደጋትን፣ ከወዳደቀ ዕቃ ኮምፒውተር ገጣጥሞ መጀመሪያ ያስነካትን ሰው። ላከችውና ቀና ብላ ክፍሉን ቃኘች። ሁለቱ ባልደረቦቿ አቀርቅረዋል። ያከበሯት መሰላት።

ሁለተኛው ማመልከቻ እንከን አይወጣለትም። ድርጅቱ ከተመዘገበ ሁለት ወሩ ነው። ቅጹን የሞላለት ቀድሞ እዚሁ ክፍል ይሠራ የነበረ፣ ዛሬ ለሰው ቅጽ በመሙላት የሚኖር፣ ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰውዬ ነው። ወንፊት አጻጻፉን ታውቀዋለች። ፎቶዎቹ ላይ ያለውን የተሰነጠቀ ግድግዳም አምና በሌላ ድርጅት ስም አይታዋለች። ይህ ድርጅት አንድም ደንበኛ እንደሌለው፣ ቁጥሮቹን ወስዶ እንደ ወንድሟ ላለው ሰው እንደሚያከራያቸው አልጠፋትም። ደንቡ ግን ግድግዳ መርምሪ አይልም። አርባ ተብሏል፣ አርባ ታይቷል። አጸደቀችው።

መዝገቡ ላይ ዜሮ መጣ። ክፍሉ አጨበጨበ። ይህማ ታሪክ ነው ተባለና ፎቶ ተነሱ፤ ወንፊትን መሐል አቆሟት።

ከሰዓት በኋላ የቀረው ሥራ ወረፋ ላይ የተረፉትን ማሰናበት ነበር። ለእያንዳንዱ መልስ መስጠት ግዴታ ነው፣ በየተራው። አሥሩን ሸኝታ ወንድሟ ላይ ስትደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። መልሱ ጠዋት፣ በተጠየቀ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደርሶ ነበር።

"ክብርት መርማሪ፣" ይላል። "አርባኛው መሣሪያ እናቴ ቤት ነው። ደረሰኙ ላይ ስላለ ቆጠርኩት፤ የደንበኛ ስላልሆነ ግን ፎቶውን አላስገባሁም። ያስገባሁላት እህቴን በስልክ እንድታያት ነው። እህቴ ሥራ ስለሚበዛባት መምጣት አይመቻትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ፎቶው ተያይዟል።"

ፎቶውን ከፈተችው። እናቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከግድግዳው የተነቀለውን ሣጥን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፣ መለያ ቁጥሩን ወደ ፊት አዙራ። ፎቶውን የምታየው ልጅሽ ናት ተብላ መሆን አለበት፣ የክት ልብሷን ለብሳለች። ፈገግ ብላለች።

የወንፊት እጅ ግን ሥራውን አልተወም፤ ፎቶውን አጎላችው፣ የእናቷን ጣቶች አልፋ ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። ልክ ነው።

"ክቡር አመልካች፣ ማስረጃዎ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። የሚሰጥ አድራሻ ስለሌለ ፋይልዎ ተዘግቷል።"

ሳትልከው ስልኳ ጠራ። እናቷ በየቀኑ የምትደውልበት ሰዓት ነው። ፊቷ ስልኩ ላይ ድቅን አለ፤ ልብሱን አሁንም አልቀየረችውም። ከኋላዋ ወንድሟ ወደ ቦታው የተመለሰውን ሣጥን ሽቦ ግድግዳው ላይ ያያይዛል።

"ልጄ፣ ፎቶዬን አየሽው?"

"አየሁት፣ እማዬ።"

"ጥሩ ነው? አጠፋሁ እንዴ?"

"ትክክል ነው። ምንም አላጠፋሽም።"

"ተመስገን! አንተ፣ ትክክል ነው አለች! አላልኩህም? እህቱ እያለች ምን ይሆናል ብዬዋለሁ እኮ። ኑሪልኝ የእኔ ልጅ፣ እድሜ ይስጥሽ!"

ሰዓቱ አሥር ሆኗል፣ መውጫ ነው፤ ያልተላከ መልስ ይዞ መውጣት አይፈቀድም። ይህንንም ደንብ ያረቀቀችው እሷ ናት። እናቷ እየመረቀቻት መልሱን ላከችው።

ወዲያው እዚያው ክፍል ውስጥ የወንድሟ ስልክ ድምፅ አሰማ። አውጥቶ አየውና ባለበት ቆመ።

"ምን ይላል?" አለችው እናቷ፣ ገና ፈገግታዋ ሳይጠፋ። "ጮክ ብለህ አንብብልኝ እንጂ፣ እሷም ትስማ።"