እዚያው መንገድ ላይ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬያለሁ፤ «አስር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» እያልኩ ስንቱን መክሬያለሁ። ያን የሚያህል ከተማ ግን በአውራ ጣቴ ለካሁት። በስልኬ ካርታ ላይ ከሆቴሉ እስከ ሆስፒታሉ አንድ አውራ ጣት ነበር። ደደብ!

ሆስፒታል የተኛችው ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ። ጉሮሮዋ ላይ እጢ ስለወጣባት ሐኪሙ ድምፅ የምናወጣበትን ነገር ጨርሶ ሊያወጣው ወሰነ። ትድናለች፤ መናገር ግን ከእንግዲህ የለም። ይህንን በስልክ የነገረችኝ ራሷ ናት፣ በዚያ በሻከረ ድምጿ።

«ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያስገቡኛል» አለችኝ። «ቀበጤ፣ ከዚያ በፊት ድረስልኝ። የምነግርህ አለኝ፤ በስልክ አይሆንም። ዓይን ዓይንህን እያየሁ በገዛ አፌ ልንገርህ።»

ቀበጤ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ቀበጥ ያደረገችኝም እሷው።

«ካልሞትኩ አልቀርም!» አልኳት።

ማደሪያ አላጣሁም። የአጎቴ ልጅ ልክ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። «ፍራሽ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ ምን ጎደለህ?» አለኝ። የሚጎድለኝማ እንቅልፍ ነው! ያ ሰውዬ ሲያንኮራፋ ጣራ ያነሳል። ሽንት ቤቱ ደግሞ ለስድስት አባወራ አንድ ነው። ለጥቂት ሌሊት ብዬ ሆቴል መረጥኩ፤ ሙቅ ውሃ ያለው፣ ቁርስ ያለው። ስልኩን ያነሳው ሰው «ሆስፒታሉ? እዚያው መንገድ ላይ ነን እኮ፣ ቀጥ ነው» አለኝ። አልዋሸም፤ እዚያው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚሰነጥቀው ግን እኔ አልጠየቅሁም፣ እሱም አልነገረኝ።

ረቡዕ አውቶቡሱ ሲያስገባኝ መሽቶ ነበር፤ የጥየቃ ሰዓት አልፏል። ሐሙስ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሳሁ። በሙቅ ውሃው እስኪበቃኝ ታጠብኩ። ልወጣ ስል አስተናጋጇ «ቁርስዎ እኮ ተከፍሎበታል፤ እንቁላሉ ደርሷል» አለችኝ። ተከፍሎበታል ሲባል ጥዬ መሄድ አላስቻለኝም፤ ቁጭ አልኩ። ደርሷል የተባለው እንቁላል ሃያ ደቂቃ አስጠበቀኝ። ሁለቱን እንቁላል በላሁ፣ ዳቦውንም በሻይ አወራረድኩ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሚኒባስ ያዝኩ። «ሆስፒታሉ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?» ስለው ረዳቱ ሳቀብኝ። «ደቂቃ? ጋሼ፣ ሰዓት ይበሉ እንጂ!» እውነቱን ነው። መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ ንቅንቅ የለም። ላብ በላብ ሆንኩ። ሹፌሩን ተቆጣሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ በክርኔ ገፋሁ። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ።

«ቀበጤ፣ የት ደረስክ?»

«እየመጣሁ ነው!»

«ሊያስገቡኝ ነው መሰለኝ። ስማኝማ...»

«እየመጣሁ ነው አልኩሽ እኮ! አትጨቅጭቂኝ፣ ስደርስ ትነግሪኛለሽ!»

ዘጋሁት። በገዛ እጄ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። የተናደድኩት በራሴ ነበር፤ የወጣው ግን በእሷ ላይ ነው።

ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ እየሮጥኩ ገባሁ። የአጎቴ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን ይዞ ቆሟል። «አሁን አስገቧት» አለኝ። «በሩ ድረስ ወደ ኋላ እያየች ነው የሄደችው።» አልወቀሰኝም። በወቀሰኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ከቤቱ እስከዚያ በእግሩ አራት ደቂቃ ነው የፈጀበት።

ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል፣ ተመስገን ነው። እኔም የዚያኑ ዕለት ሻንጣዬን ከሆቴሉ አንስቼ ፍራሹ ላይ ወርጃለሁ። ማንኮራፋቱን እንደሆነ ለምጄዋለሁ፤ ለነገሩ እንቅልፉስ መች አለና! ጠዋት ጠዋት ነርሶቹ ፈረቃ ሳይለውጡ ደጃፏ ላይ ነኝ። ምን ያደርጋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ገና ዛሬ ደፈርኩ። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራሷን ተደግፋለች፤ ደብተርና እስክሪብቶ ጭኗ ላይ አለ።

«እቴቴ፣ ያን ቀን ምን ልትዪኝ ነበር?»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ጻፈችና ደብተሩን አዞረችልኝ።

«ረሳሁት።»

እህቴ! የመጀመሪያ ጥርሴ የወለቀበትን ቀን ከነሰዓቱ የምታውቀው እህቴ፣ ረሳሁት! አንገቴን ደፋሁ፤ እንባዬም ደብተሩ ላይ ወረደ። ወረቀቱን በመዳፏ ጠረገችና ከስሩ ሌላ ጻፈችልኝ።

«ይልቅ ቁርስ በልተሃል?»

አልበላሁም። ያን ቀን ግን በልቼ ነበር። ሁለት እንቁላል።